የአባ ደልድል ዘመቻ፦ ጸሎተኛዋ መኪና ቀጥ ብላ የቆመችበት ታሪክ

ለደብረ ብርሃን ሜዳውን፣ ለአንኮበር ዳገቱን ባደለ፣ ብርዱን ግን ለሁለቱም ሳይሰስት በሰጠ አምላክ ስም ጀምረን፣ የአባ ደልድል ይትባረክን የጀግንነት ዜና እንጽፋለን። ይህም የሆነው በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ ይትባረክ ነጯን ፒክአፕ በገዙ በሃያኛው፣ የኋላ ባሌስትራዋ ተኝቶ አልነሣም ባለ በሦስተኛው ዓመት፣ የናፍጣ ወረፋ ከማደያው ወጥቶ መንገዱን በወረሰበት ወራት፣ ዐቢይ ጾም ተጋምሶ ሰው ሁሉ ሆዱ በተጣበቀበት ጊዜ ነው። ያየነውን እንጽፋለን፤ ያላየነውንም ካዩት ሰዎች ጠይቀን፣ ሁለቱ ከተስማሙ እንጽፋለን፤ ካልተስማሙ ደግሞ የሚያምረውን መርጠን እንጽፋለን።

ስማቸው የተፈራ፣ ሞዓ ዳገት ዘእምነገደ ሾፌር፣ ሥዩመ መሪ፣ በጉም ውስጥ ያለ መብራት መንገድ የሚያውቁ፣ በጭቃ ውስጥ ያለ ሰንሰለት የሚወጡ ይትባረክ ወልደተንሣኤ፣ በአንኮበር ከተማ በዳገቱ ወገብ ላይ በተሠራው ቤታቸው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሸዋወርቅ ጋር ይኖሩ ነበር። ያን ጊዜ ገና አባ ደልድል አልተባሉም፤ የፈረስ ስማቸውን ያገኙት በኋላ ነው፣ ያውም ያለ ፈረስ። ከደጃቸውም ነጪት የምትባለው ፒክአፕ አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ አዙራ ቆማ ትውል ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ከአሊዩ አምባ ገበያ የነጋዴውን የሐቢብን ማሽላ ስትጭን፣ ያን ቁልቁለት ስትወርድ፣ ያን አቀበት እያቃሰተች ስትወጣ ኖራ፣ ከኋላ ጎማዋ በላይ ተነባብሮ ሸክም የሚሸከመው ቀስት መሳይ ብረት፣ ማለት ባሌስትራው፣ አንድ ቀን ለጥ ብሎ ተኛ። ከዚያ ወዲህ ጭነት ኖረም አልኖረም ጀርባዋን መሬት አስጠግታ አፍንጫዋን አንጋጣ ትሄድ ጀመር። መብራቷ ሲበራ መንገዱን ትቶ የባሕር ዛፉን ጫፍ ያሳይ ነበር፤ ከፊት የሚመጣ ሾፌር ሁሉ ዓይኑን በክንዱ ከልሎ ይትባረክን ከነዘር ማንዘራቸው ይረግም ነበር፤ የአንኮበር ልጆችም «ጸሎተኛዋ መጣች» እያሉ መንገድ ይለቁላት ነበር። ይትባረክ ግን እርግማኑንም ስሙንም ችለው ኖሩ፤ ምን ያደርጋሉ፣ ማሽላው እንደሆነ አይቀር።

የዘመቻው ምክንያት ይህ ነው። ለይትባረክና ለሸዋወርቅ ናዝራዊት የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ እርሷም ለደብረ ብርሃን ልጅ ታጨች። ተክሊሉ በደብረ ብርሃን ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን፣ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ እዚያው እንዲጠብቅ፣ ሙሽራዋን ከአንኮበር ወገኖቿ አጅበው እንዲያደርሱ፣ ግብዣው ግን አንኮበር እንዲሆን ሽማግሎች ተስማሙ። ቀኑም ከፋሲካ በኋላ ባለው በዓለ ሃምሳ ውስጥ ተቆረጠ። ይህን ለመምከር የወይዘሮ ሸዋወርቅ ወንድም የሺጥላ ከደብረ ብርሃን መጣ። የሺጥላ በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ የሚነግድ፣ ሱፉ የማይጨማደድ፣ ጥቁር፣ አዲስ፣ ሆዷ መሬት ለመሬት የምትሄድ አውቶሞቢል ያለችው ሰው ነበር። ከአውቶሞቢሉ ወርዶ ከነጪት ፊት ቆመ፤ ወዲያ ሄዶ አያት፣ ወዲህ ተመልሶ አያት፣ አንገቱንም ወደ ላይ አቅንቶ እርሷ የምታየውን ሰማይ አየ። ከዚያም ምሳ ቀርቦ ዘመድ በተሰበሰበበት እንዲህ ሲል አዋጅ አወጀ።

«ስሙ ዘመዶቼ። ይህች መኪና አንጋጣ ትጸልይ እንደሆነ እንጂ ሙሽራ አትወስድም። የእህቴ ልጅ ሰማይ ሰማይ እያየች ደብረ ብርሃን አስፋልት ላይ አትገባም። ሙሽራዋን የማደርሳት እኔ ነኝ።»

ዘመዶቹ ሳቁ። ከሣቁትም ውስጥ የይትባረክን ጠላ በእጃቸው የያዙ ነበሩበት፤ ስማቸውን እናውቃለን፣ ለጊዜው እንተወዋለን። ይትባረክ ግን የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው ትሪው ላይ አኖሩት። ምክንያቱም ናዝራዊት ሕፃን ሳለች ለገበያ ወደ አሊዩ አምባ ሲወርዱ ከጎናቸው አስቀምጠዋት ይሄዱ ነበር፤ ቁመቷም ከማጭድ ስለማይበልጥ ከመስታወቱ በታች ትሰምጥና እግሯን እያወዛወዘች ትዘፍን ነበር። ያን ጊዜ፣ አንድ ቀን የሰፈር ሙሽራ በመኪና ስታልፍ አይታ፣ እኔንስ ማን ይነዳኛል ብላ ብትጠይቃቸው፣ እኔ ነኝ የምነዳሽ፣ ሌላ ሰው መሪ አይነካም ብለው በማርያም ምለውላት ነበር። ናዝራዊት ረስታው ይሆናል፤ እርሳቸው ግን አልረሱትም። እንግዲህ የተያዘው ነገር የመኪና ቁመት እንዳይመስላችሁ፤ አንድ አባት ለልጁ የገባው ቃል ነው።

ወይዘሮ ሸዋወርቅም ባላቸውን አዩ፣ ወንድማቸውን አዩ፣ ሁለቱንም ያውቋቸዋልና የትኛውንም አላመኑም። መሶቡን ከድነው፣ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ይህን ፈረዱ።

«ባሌና ወንድሜ በልጄ ሰርግ አይጣሉብኝ። መኪናዋ በሰርጉ ዕለት ከደጄ ቀጥ ብላ ከቆመች፣ ደብረ ብርሃንም ገብታ ቀጥ ብላ ከቆመች፣ ልጄን አባቷ ይነዳታል። ከሁለቱ በአንዱ ቦታ እንኳ ካንጋጠጠች ወይም ካጎነበሰች ግን በወንድሜ መኪና ትሄዳለች። ብያለሁ።»

እርሳቸው ብያለሁ ካሉ አለቀ። በዚያ ቤት ከብያለሁ ወዲያ ይግባኝ ተሰምቶ አያውቅም። ያን ዕለት ግን ደጄና ደብረ ብርሃን የሚሉት ሁለቱ ቃላት አብረው መታወጃቸው ምን መከራ እንደሚያመጣ ከተሰበሰበው ሕዝብ አንድ እንኳ ልብ ያለ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ይትባረክ ክተት አሉ። ነጋሪት ስላልነበረ ባዶ ጀሪካን ተመታ። ጥሪውን የሰማ ሁሉ መጣ፤ ያልሰማውም ጠላ እንዳለ ሰምቶ መጣ። ከቆላው፣ ከአሊዩ አምባ፣ ነጋድራስ ሐቢብ ከአንድ የሞተ የጭነት መኪና የተፈታ ሁለት የባሌስትራ ብረት በአህያ አስጭኖ ወጣ፤ ወላሂ፣ የዚህችን መኪና ወገብ ያጎበጠው የኔ ማሽላ ነው፣ ይህችን ልጅ በእጄ ተምር እያጎረስኩ ነው ያሳደግኋት፣ በሌላ ሰው መኪና ስትሄድ ቆሜ አላይም ብሎ ብረቱን ከይትባረክ እግር ሥር ጣለ። ሊቀ ግንበኞች ወልደአረጋይ፣ የአንኮበርን ቤቶች እኩሌታ የገነባ፣ ባለ ውሃ ልክ፣ ኮፍያውን ለቄስና ለውሃ ልኩ ብቻ የሚያወልቅ፣ መሣሪያውን በጋቢ ጠቅልሎ መጣ። ክሪክ የያዘው ፊታውራሪ ተባለ፤ የቀኙን ጎማ የፈታው ቀኝ አዝማች፣ የግራውን የፈታው ግራ አዝማች ተባለ፤ ቡሎን እንዳይጠፋ ቆብ ውስጥ የሚሰበስበውም በጅሮንድ ተባለ። ምንም ሥራ ሳይሠሩ አጥር ላይ ተደግፈው ምክር የሚሰጡት ደግሞ መሳፍንት ነበሩ፤ እነርሱም ከሠራዊቱ ሁሉ ይበዙ ነበር።

የጦሩን ስልት የነደፈው ወልደአረጋይ ነው። እዚህ ላይ አንባቢው የአንኮበርን ነገር ይወቅ። አንኮበር ላይ ሜዳ የለም። ኳስ የሚጫወቱበት እንኳ ያዘነበለ ስለሆነ፣ ከዕረፍት በኋላ ወደ ቁልቁለት የሚያጠቃው ቡድን ያሸንፋል። ስለዚህ ቤት የሚሠራ ሰው የመሬቱን ዝቅ ያለ ወገን በድንጋይ እያሳደገ፣ እያሳደገ፣ ውሃ ልኩ ልክ ነው እስኪል ድረስ ይገነባል፤ አባቶቻችን እንዲህ ሠሩ፣ ወልደአረጋይም ዕድሜውን በሙሉ እንዲህ ሠራ። እናም ነጪት ከደጃፉ ቆማ ባያት ጊዜ ነገሩ ቀላል ሆነለት። ዝቅ ያለው ኋላዋ ነው፤ ስለዚህ ኋላዋ ይደግ። ውሃ ልኩን ዕቃ በሚጫንበት ካሶኒዋ ላይ አጋደመ፤ በመስታወቱ ውስጥ ያለችው አረፋ ወደ ፊት ሸሽታ ከጥግ ተደበቀች፤ ሕዝቡም እህህ አለ።

ይትባረክም ጃኬታቸውን አውልቀው ከመኪናይቱ ሥር ገቡ። ክሪኩ ከፍ አደረጋት፤ ጎማው ወጣ፤ የዛገው ቡሎን አልፈታም ብሎ ሠራዊቱን አሳፈረ፤ ናፍጣ ጠጣ፣ ተመታ፣ ተሰደበ፣ በመጨረሻም ተፈታ። ሐቢብ ያመጣው አንዱ ብረት ከአሮጌው ሥር ተነባብሮ ታሰረ፤ መኪናይቱም ወረደች፤ አረፋዋ ከጥግ ወጣ ብላ ቆመች። ይትባረክ ዳግመኛ ገቡ፤ ሁለተኛው ብረት ታሰረ፤ ፊታቸው በግራሶ ጠቁሮ ከጥርሳቸው በቀር የሚታይ አልነበረም። መኪናይቱም ስትወርድ አረፋዋ ቀስ ብላ ተጓዘች፣ ትንሽ አመነታች፣ ከሁለቱ መስመሮች መሀል ገብታ ዐረፈች። ወልደአረጋይ ኮፍያውን አወለቀ። እልልታው ከዳገቱ ወርዶ እስከ ገበያው ተሰማ፤ ጾም ስለነበረም ድሉ በሽሮና በተልባ ተከበረ። ሐቢብ ደግሞ ጠላ ስለማይነካ ለብቻው ለስላሳ ተከፍቶለት፣ ያንኑ ጠርሙስ አንሥቶ ከማንም በላይ ጨፈረ። ያን ዕለት ይትባረክ ወይዘሮ ሸዋወርቅን በር ላይ አቁመው መኪናዋን አሳዩአቸው፤ እርሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ይህም ከእርሳቸው ዘንድ እንደ ሽልማት ይቆጠራል።

ፋሲካ ዋለ፤ ዳግማይ ትንሣኤም አለፈ። ይትባረክ ወልደአረጋይንና ሐቢብን አሳፍረው፣ የዚህን ዜና ጸሐፊ ደግሞ ካሶኒው ላይ ጭነው፣ ድላቸውን ለየሺጥላ ሊያሳዩ ወደ ደብረ ብርሃን ገሠገሡ። ጉሙን ጥሰው ሜዳው ላይ በወጡ ጊዜ ግን አንድ ነገር ሆነ። የተቀመጡ ሁሉ ወደ ፊት መንሸራተት ጀመሩ። ሐቢብ ሁለት ጊዜ ተመቻችቶ ተቀመጠ፣ ሁለት ጊዜም ጉልበቱ ከፊቱ ካለው ሳጥን ጋር ተጋጨ። ወልደአረጋይ መቀመጫው አርጅቷል አለ። ይትባረክም የኋላ መስታወቱን ቢያዩ ከሰማይ በቀር የሚታይ አጡ።

ከየሺጥላ ሱቅ ፊት ለፊት፣ በአስፋልቱ ላይ፣ ነጪት ቆመች። አፍንጫዋ ወርዶ፣ ጀርባዋ ተሰቅሎ፣ ውሃ እንደምትጠጣ ላም ሆና ቆመች። ብርድ ልብስ የሚገዛው፣ ብርድ ልብስ የሚሸጠው፣ ባጃጅ የሚጠብቀው ሁሉ ዙሪያዋን ከበበ። የሺጥላም ከሱቁ ደረጃ ላይ ወጥቶ፣ የሱፉን ቁልፍ ቆልፎ፣ ሁለተኛውን አዋጅ አወጀ።

«ምእመናን፣ ጉድ ተመልከቱ። በዓለ ሃምሳ ነው፣ ስግደት የለም። ይህች መኪና ግን በጾሙ አንጋጣ ከረመችና፣ ሰው ሁሉ ከስግደት ባረፈበት ወራት መስገድ ጀመረች። ሥርዓት የማታውቅ መኪና ሙሽራ ይዛ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አትደርስም።»

ሳቁ ከባድ ነበር፤ ዕውነቱን ለመናገር ጸሐፊውም ካሶኒው ላይ ሆኖ ፊቱን አዙሮ ሳቀ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለው። ወልደአረጋይ ግን ደሙ ፈላ። ውሃ ልኩን ከጋቢው አውጥቶ ከራሱ በላይ አነሣና፣ እስከ ዛሬ በደብረ ብርሃን የማይረሳውን ቃል ተናገረ።

«ውሃ ልኬ በዕድሜው ዋሽቶ አያውቅም። ያዘነበለችው ደብረ ብርሃን ናት።»

እንዴት ነው ነገሩ ያላለ የከተማ ሰው አልነበረም። ከተማችንን ሰደበ ብለው እጅጌያቸውን የሰበሰቡ ነበሩ፤ ሐቢብ በመካከል ገብቶ ባይለምናቸው ወልደአረጋይ ሳይደበደብ ባልተመለሰ ነበር። ይሁን፣ ይለካ ተባለ። ወልደአረጋይ ውሃ ልኩን በአስፋልቱ ላይ አጋደመ፤ አረፋዋ መሀል ቆመች። በሱቁ ደረጃ ላይ አጋደመ፤ መሀል ቆመች። በቆመ ጋሪ፣ በአግዳሚ ወንበር፣ ደግ ሰው በዘረጋለት የመዝገበ ቃላት ሽፋን ላይ እንኳ አጋደመ፤ አረፋዋ እንደ ግትር ልጅ ከመሀል አልነቃነቅም አለች። ያን ጊዜ ግንበኛው ደረጃው ላይ ቁጭ አለ፣ ጋቢውንም ተከናነበ። ከጋቢውም ውስጥ፣ ለሰው ሳይሆን ለራሱ በሚመስል ድምፅ፣ ቤት እኮ በተሠራበት ይቀራል፣ መኪና ግን ትሄዳለች፣ ይህን ነው ያላሰብነው አለ። ሳቁም በዚህ በረደ፤ ሰው ሲያዝን ደብረ ብርሃንም ታዝናለች።

ይትባረክ ግን እጅ አልሰጡም። እዚያው ሜዳው ላይ፣ የሺጥላ እያየ፣ የከተማው ሕዝብ እያየ፣ ከመኪናይቱ ሥር ገብተው አንዱን ብረት ፈቱ። ስትወርድ ነጪት ከፊትም ከኋላም እኩል ሆና ቆመች። የሺጥላም ጎንበስ ብሎ ቢያይ፣ ተንበርክኮ ቢያይ፣ ነቀፋ አላገኘባትም። በነገሥታት ዜና ውስጥ በአንድ ቀን ተሸንፎ በዚያው ቀን ያሸነፈ አልፎ አልፎ ይገኛል፤ ወደ ማታ ዳግመኛ የተሸነፈ ግን ከይትባረክ በቀር አላነበብንም።

ምክንያቱም አመሻሹ ላይ ጉሙ ሳይወርድ አንኮበር ደርሰው፣ ነጪትን እንደ ልማዷ አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ አዙረው ከደጃፉ ቢያቆሟት፣ ጸሎተኛዋ ሆና አንጋጠጠች። መሬቱ ነዋ። ወይዘሮ ሸዋወርቅ ከበሩ ላይ ቆመው አዩአት፤ ይትባረክም ስለ ሜዳው፣ ስለ ውሃ ልኩ፣ ስለ አስፋልቱ ሊያስረዱ ቢጀምሩ፣ እኔ ከደጄ ብያለሁ፣ ደጄ ደግሞ ይህ ነው ብለው ተመልሰው ገቡ። ይትባረክም ከመኪናይቱ አልወረዱም። መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀመጡ። ከኋላ ካነሷት ደብረ ብርሃን ትሰግዳለች፤ ከተዉአት አንኮበር ታንጋጥጣለች። አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ ቢያዞሯት ትደፋለች፤ አግድም ቢያቆሟት ወደ ጎን ትዘምማለች። ለሁለት አገር የምትሆን አንዲት መኪና ከየት ይምጣ? ከጎናቸው ያለውን ባዶ መቀመጫ አዩ። ለልጃቸው የማሉላትን ቃል አስታወሱ፤ አለቀሱም። ሾፌር አያለቅስም የሚል ካለ ይምጣና ከእኛ ጋር ይከራከር፤ አይተናል።

በነጋታው ግን ይትባረክ በሌላ ልብ ተነሡ። በደጃቸው ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱ ቆዩና የተከማቸውን የሰርግ ድንኳን እንጨት ባዩ ጊዜ ድንገት ቀጥ ብለው ቆሙ። ጀሪካኑ ተመታ፤ ሕዝቡም ከጓዳውና ከማሳው ወጣ፤ ይትባረክም ታላቁን አዋጅ አወጁ።

«የአንኮበር ሰው፣ ስማኝ። መኪናዋ ልክ ናት። ልክ ያልሆነው ደጄ ነው። ድንኳኑም ቢሆን ባዘነበለ መሬት ላይ ሊተከል ነበርና እንግዳው ወጡን እያሳደደ ሊበላ ነው። ስለዚህ መኪናዋን ትቼ መሬቱን አስተካክላለሁ። አካፋ ያለህ አካፋህን፣ ዶማ ያለህ ዶማህን ይዘህ ለደቦ ና።»

የሰማው ለጎረቤት፣ ጎረቤትም ለማኅበርተኛ አሰማ። ደቦውም ገጠመ። ከላይ በኩል ያለው አፈር ተቆረጠ፣ ከታች በኩል ተደለደለ። ወልደአረጋይ ያን ዕለት ከሙታን ተለይቶ የተነሣ ሰው ነበር። የመሬቱን ዝቅ ያለ ወገን በድንጋይ ማሳደግ፣ ይህማ የርሱ ሥራ ነው! ድንጋዩን በመዶሻ እየጠረበ፣ በውሃ ልኩ እየዳኘ፣ የተሳሳተውን እያስፈረሰ ካቡን አሳደገው። ሐቢብ የቆላውን ሰው አስከትሎ ወጥቶ፣ በዛሬ ድካማችን በሰርጉ ዕለት የምንበላበትን ሜዳ እናበጃለን እያለ አፈር አሸከመ። ይትባረክም ከካቡ ላይ ቆመው ከጠዋት እስከ ማታ ደልድል፣ እዚያ ጋ ደልድል፣ አሁንም ደልድል እያሉ ስለ ጮኹ፣ ሠራዊቱ በዜማ ተቀብሎ አባ ደልድል አላቸው። በዚያው ጸና። በአንኮበርም ከደጃፍ ሜዳ ያለው የመጀመሪያው ቤት የርሳቸው ሆነ፤ መሳፍንቱም ከአጥሩ ወርደው፣ ሐሳቡን ያፈለቅነው እኛ ነን አሉ።

የሰርጉ ዕለት ገና ፀሐይዋ ከቆላው ስትወጣ ነጪት ታጥባ፣ ሪባን ታስሮላት በአዲሱ ድልድል ላይ ቆመች። የሺጥላም ነገሩ እንደማይሳካ ስለተማመነ ሙሽራዋን ሊወስድ ጥቁሯን አውቶሞቢል አስጊጦ በማለዳ መጣ። ሰው ሁሉ በጎን ባለው ሰፊ መግቢያ እንዲገባ ቢነገረውም፣ ከበሩ ቀድሞ ለመድረስ በላይ በኩል በአቋራጭ ገባ። እዚያም ወልደአረጋይ አፈሩን የሚይዝ የድንጋይ ጠርዝ ሠርቶ ነበር። አውቶሞቢሏ የፊት እግሯን አሻገረች፤ ሆዷ ጠርዙ ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እምቢ አለች፤ የኋላ ጎማዋ አየር ላይ ተሽከረከረ። ወልደአረጋይ ማንም ሳያዘው ቀርቦ ውሃ ልኩን ጣሪያዋ ላይ አጋደመ። አረፋዋን አየና፣ ይህችም ልክ ናት ብሎ ዘወር አለ።

ወይዘሮ ሸዋወርቅም በሐበሻ ቀሚሳቸው ወጥተው፣ ውሃ ልኩን ከግንበኛው እጅ ተቀብለው፣ ማንንም አላምንም ብለው በገዛ እጃቸው በነጪት ካሶኒ ላይ አጋደሙት። አረፋዋ መሀል ቆመች። እርሳቸውም ባላቸውን ቀና ብለው አዩአቸውና፣ ልጅህን አስገባ አሉ። ይህን ባሉ ጊዜ ድምፃቸው ትንሽ ተሰብሮ ነበር።

ናዝራዊት ከአባቷ ጎን ተቀመጠች፣ እናቷም ከርሷ ቀጥሎ። ከዚያ ግን አጃቢው ካሶኒው ላይ ይወጣ ጀመር። ሴት ሚዜዎቹ ወጡ፤ የሙሽራዋ ሣጥን ወጣ፤ ከመዘዞ የመጣው ሙክት ለአማቾች እጅ መንሻ ተብሎ ወጣ፤ ሐቢብም የሰርግ ስጦታዬ ነው ብሎ፣ አይ ሐቢብ፣ አንድ ጆንያ ማሽላ ጫነ። በመጨረሻም መኪናው ጠርዝ ላይ የቀረችበት የሺጥላ፣ ሌላ መሄጃ ስላልነበረው፣ ሱፉን ሰብስቦ ወጣና በጆንያውና በሙክቱ መካከል ተቀመጠ። ያን ጊዜ የነጪት ጀርባ ለጥ አለ፤ አፍንጫዋም ቀስ ብሎ ተነሣና ሰማዩን አየ። የሺጥላ አፉን ከፈተ፣ ከሥሩ ያለውን ባሌስትራ አየ፣ የራሱን ሰውነት አየ፣ መልሶም ዘጋው።

በጉሙ መካከል ሲሄዱ አባ ደልድል በኀፍረት ወደ ጎን አላዩም። ሃያ ዓመት የነዷት፣ አገር የዘመተላት፣ መሬት የተደለደለላት መኪና እነሆ እንደ ድሮዋ አንጋጣለች። ናዝራዊት ግን የሙሽራ ልብሷን ሰብስባ፣ በመቀመጫው ላይ ዝቅ አለች፤ እንደ ልጅነቷ ከመስታወቱ በታች እስክትሆን ድረስ ዝቅ አለች። ከዚያም የዚህን ዜና የመጨረሻ አዋጅ ያለ ነጋሪት፣ ለአባቷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ አወጀች።

«አባዬ፣ ሕፃን ሆኜ ከዚህ መንገዱ አይታየኝም ነበር። ሰማዩ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ወደዚያ የምትወስደኝ ይመስለኝ ነበር። ለመልስ ስመጣ እንዲህ ሆና ላግኛት።»

አባ ደልድል በእጃቸው ጀርባ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ጉሙ ገብቶባቸው ነበር። ወይዘሮ ሸዋወርቅም ወደ መስኮቱ ዞረው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው አመጡ።

ደብረ ብርሃን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ደረሱ። ሚዜዎቹ ወረዱ፣ ሣጥኑ ወረደ፣ ሙክቱ ወረደ፣ ማሽላውም ወረደ። መጨረሻ የወረደው የሺጥላ ነው፤ ሱፉ ላይ የበግ ፀጉር ተጣብቆበት ነበር። እርሱ መሬት ሲረግጥ ነጪት ተንፈስ አለችና በሜዳው ላይ፣ ከፊትም ከኋላም እኩል፣ ቀጥ ብላ ቆመች። ወይዘሮ ሸዋወርቅ አዩአት። የሺጥላም አያት፤ እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ ሰው ይሆናልና፣ እጁን ዘርግቶ የአማቹን እጅ ያዘ። አባ ደልድልም ልጃቸውን በክንዳቸው ይዘው ለሙሽራው አስረከቡ፤ የማሉትም ቃል በዚህ ተፈጸመ።

በሰርጉ ማግስት፣ የሠራዊቱ ራስ ገና በጠላ ከብዶ ሳለ፣ አባ ደልድል ጃኬታቸውን አውልቀው ለብቻቸው ከነጪት ሥር ገቡ። ያን ሁሉ ሕዝብ ያደከመውን የቀረውን ብረት በገዛ እጃቸው ፈትተው አወጡት። ከፊት የሚመጣ ሾፌር እንዳይረግማቸውም መብራቷን ወደ ታች አስተካከሉት። ናዝራዊትም ለመልስ ስትመጣ ነጪት በአንኮበር ብቸኛው ሜዳ ላይ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አቅንታ ተቀበለቻት።

እንግዲህ ሞዓ ዳገት ዘእምነገደ ሾፌር አባ ደልድል ይትባረክ ይህን አደረጉ። ለደጃቸው ሜዳ የሰጡ፣ ለሠራዊታቸው ማዕረግ ያደሉ፣ አማቻቸውን ከሙክት ጋር ጭነው ያለ ጠብ ያደረሱ፣ አሸንፈው ያሸነፉበትን ብረት የፈቱ እርሳቸው ናቸው። ባሌስትራቸው ይተኛ፣ እርሳቸው ግን አይተኙ፤ ናፍጣቸው አይንጠፍ፣ ጎማቸው አይፈንዳ፣ ከጎናቸው ያለው መቀመጫ ባዶ አይሁን። የልጅ ልጅ ተቀምጦበት፣ እግሩን እያወዛወዘ፣ ሰማዩን ይይበት። አሜን።